ራሳችን ያበቀልነውን አበባ ስንሥል ወቅቱ ምን ይጨምርልናል?

ሐረግ፦

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለውይይት ላቀርበው የፈለግሁት ጉዳይ ይህ ነው፦ ሠዓሊ ራሱ ዘርቶ፣ ኮትኩቶና ውኃ አጠጥቶ ያሳደገውን አበባ ሲሥል ከተገዛ እቅፍ አበባ የማያገኘው ነገር ምንድን ነው? በአብዛኛው የምሠራው በውኃ ቀለም ሲሆን፣ በሥራዬ ሂደት እየጸናብኝ የመጣው እምነት ጓሮ ለሠዓሊ ከሚሰጠው ሁሉ የሚበልጠው የአበባው ሙሉ ዕድሜ ነው የሚል ነው።

የተገዛ አበባ እጃችን የሚገባው በአንድ የዕድሜ ደረጃ ላይ ሳለ ብቻ ነው። ሊፈካ ሲል ተቆርጦ፣ ቁመቱ እኩል የሆነው ተመርጦ፣ የተጣመመው ተጥሎ፣ ነፍሳት የበላው ቅጠል ተነቅሎለት ይመጣል። በጓሮ ያደገው ግን ከአፈር ብቅ ካለበት ጊዜ አንሥቶ ዘሩን እስኪበትን ድረስ ከዓይናችን አይርቅም። የቀይ ጽጌረዳ እምቡጥ አረንጓዴ መሸፈኛው ሲሰነጠቅ በስንጥቁ በኩል የሚታየው ቀለም፣ አበባው ሙሉ በሙሉ ሲፈካ ከሚኖረው ይልቅ የጠቆረና የጠለቀ ነው፤ ሊረግፍ ሲቃረብ ደግሞ ወደ ሐምራዊ ያደላል። እነዚህን ሦስት ቀዮች በአንድ ቁጥቋጦ ላይ በአንድ ጊዜ ማየት የሚቻለው ቁጥቋጦው ደጃችን ሲሆን ነው። በተመሳሳይ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የዳሊያ አገዳ ከአበባው ክብደት የተነሣ የሚጎብጥበትን አኳኋን፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ቅጠል ጠርዙ የሚጠቀለልበትን መንገድ፣ በማስቀመጫ ውስጥ የተሰደረ አበባ ሊያስተምረን አይችልም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ዢቬርኒ ወደምትባለው የፈረንሳይ መንደር የገባው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ሲሆን፣ ቤቱንና ቦታውን የገዛው በ1890 ነው፤ ኩሬው የተቆፈረበትን መሬት የጨመረው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የውኃ አበቦቹን የተከለው ሊሥላቸው አስቦ እንዳልነበረና እነርሱን ለመረዳት ረጅም ጊዜ እንደፈጀበት በእርጅናው ተናግሯል። በኋላ ግን ወደ 250 የሚጠጉ ሥዕሎችን ከዚያው ኩሬ አወጣ። እኔን የሚገርመኝ ከሥዕሎቹ ብዛት ይልቅ ያ መዘግየት ነው። መጀመሪያ አትክልተኛ ሆኖ በዙሪያቸው ኖረ፤ ዓይኑ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነበር።

እናንተስ ለመሣል ብላችሁ ትተክላላችሁ ወይስ የበቀለውን ትሥላላችሁ? አበባ በማይኖርበት ወቅትስ ሥራችሁ ምን ይሆናል?

ነጭ ሸራ፦

የተከበሩ ሐረግ፣ ጥያቄዎ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ወቅትን የሥዕል ጌታ ማድረጉ ላይ አልስማማም። የአበባ ሥዕል ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓልያን በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ ቱሊፕን፣ ጽጌረዳንና ሌሎችንም በተለያዩ ወራት የሚፈኩ አበቦች አንድ ላይ ይሥሉ ነበር። እንዲህ ያለ እቅፍ በእውኑ ዓለም በአንድ ቀን ሊሰበሰብ አይችልም ነበር። ይህን ማድረግ የቻሉት እያንዳንዱን አበባ በየጊዜው በተናጠል አጥንተው፣ ጥናቶቹን አስቀምጠው፣ በኋላ በስቱዲዮ ውስጥ በራሳቸው ሐሳብ ስላዋቀሩት ነው። ለእኔ ሥነ ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ላይ፣ ሠዓሊው ከወቅቱ ነጻ በሚወጣበት ቦታ ነው።

ኔዘርላንዳዊቷን የአበባ ሠዓሊ ራሄል ሩይሽን ብንወስድ፣ አባቷ የአናቶሚና የዕፀዋት ሊቅ ስለነበሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ናሙናዎችን የማየት ዕድል ነበራት፤ ሥዕሎቿን የሚያቆማቸው ግን ከጨለማው ዳራ ላይ በሰያፍ የሚወጣው የአገዳዎቹ እንቅስቃሴ ነው። ያንን እንቅስቃሴ የትኛውም ጓሮ አልሰጣትም፤ ራሷ ፈጠረችው። ስለዚህ ጓሮው መዝገበ ቃላት ሊሆነን ይችላል፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን እኛው ነን የምንጽፈው። ሠዓሊ የሚያየውን ብቻ እየተከተለ ከዓመት ዓመት ቢመላለስ ተመልካች እንጂ አቀናባሪ ሳይሆን እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ብሩሽና ዶማ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ ልመልስ። እኔ ለመሣል ብዬ እተክላለሁ፤ ይህም የአተካከሌን መንገድ ከሥር መሠረቱ ለውጦታል።

ለዕይታ የሚተክል ሰው መደቡ በአንድ ጊዜ ሞልቶ እንዲፈካ ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው። እንደ ኮስሞስና ፖፒ ያሉ በአንድ ወቅት አድገው የሚያልፉ አበቦችን ዘራቸውን ከፋፍዬ ሁለትና ሦስት ሳምንት እያሳለፍሁ ስለምዘራ፣ የመጀመሪያው ዘር ሲያፈራ የመጨረሻው ገና እምቡጥ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሥዕል ላይ ሳለሁ የረገፈብኝን አበባ የሚተካ እኩያ ከጎኑ አገኛለሁ፤ የአበባውንም ዕድሜ በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ማስፈር እችላለሁ። ሌላው ልማዴ የጠወለገውን አበባ ሁሉ ለቅሜ አለመጨረሴ ነው። አትክልተኞች የጠወለገውን የሚቀነጥሱት ተክሉ ጉልበቱን በዘር ላይ እንዳያውል፣ ይልቁንም አዲስ አበባ እንዲሰጥ ነው፤ ምክራቸው ትክክል ነው። እኔ ግን ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት ግንዶችን ሳልነካ እተዋለሁ፤ ምክንያቱም የፖፒ የዘር ከረጢት ከነዘውዱ ከአበባው ያላነሰ ቅርጽ አለው።

የቀለም ጉዳይም አለ። በመደቤ ውስጥ ደማቅ ቀለሞችን ብቻ አልተክልም። ለዓይን የደበዘዙ የሚመስሉ፣ ግራጫ የነካቸው ሐምራዊዎች፣ የሻይ ቀለም ያላቸው ጽጌረዳዎችና ብርማ ቅጠሎች በሥዕል ላይ ደማቁን ቀለም ደማቅ የሚያስመስሉት እነርሱ ናቸው። በዌልስ የተወለደው ሠዓሊ ሴድሪክ ሞሪስ በዚህ ከሁላችንም ርቆ ሄዷል፤ በእንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ ቤንተን ኤንድ በተባለው መኖሪያው አይሪሶችን ራሱ እያዳቀለ የሚፈልጋቸውን ለስላሳና ያልተለመዱ ቀለሞች ያወጣ ነበር፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች እስከ ዛሬ በቤንተን ስም ይጠራሉ። ሠዓሊው ቀለሙን በፓሌቱ ላይ ከመቀላቀሉ በፊት በአፈር ውስጥ ቀላቀለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ ነጭ ሸራ ያሉት የማቀናበር ሥራ ከስቱዲዮው በር ላይ ብቻ የሚጀምር አይመስለኝም። የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚበቅል ስንወስን ቅንብሩ ተጀምሯል።

ለጋ ቅጠል፦

በሥዕል ገና ጀማሪ ነኝ። ጽሑፎቻችሁን በጉጉት እያነበብሁ ነው። የእኔ ችግር ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል፤ ከጓሮዬ የቆረጥሁት አበባ ንድፉን ጨርሼ ቀለም ሳልጀምር ይጠወልጋል ወይም አቅጣጫውን ይለውጣል። እዚያው ተክሉ ላይ እንዳለ ልሣለው ስል ደግሞ ብርሃኑ ይቀየርብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የማለዳ ብርሃን፦

ለጋ ቅጠል፣ ይህ ችግር የሁላችንም ነው፤ ቀላልም አይደለም። ከሁለት በኩል ልናየው እንችላለን፤ አንደኛው አበባውን ማቆየት፣ ሁለተኛው የሥራውን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው።

አበባውን የምንቆርጠው ማለዳ፣ ሙቀት ሳይበረታ ነው፤ በዚያ ሰዓት ተክሉ ሌሊቱን የሰበሰበው ውኃ በሰውነቱ ሞልቷል። እንደ ቆረጥነው ወዲያው ወደ ሥዕል ጠረጴዛ ከመውሰድ ይልቅ ከውኃው በታች የሚውሉትን ቅጠሎች አንሥተን፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ አድርገን፣ ቀዝቃዛና ጥላ በሆነ ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ማሳረፍ ይገባል። እንደ ፖፒ ያሉት ሲቆረጡ ወተት የሚያወጡ አበቦች የአገዳቸው ጫፍ ለጥቂት ሴኮንዶች በእሳት ነበልባል ቢለበለብ ወይም በፈላ ውኃ ቢነከር ዕድሜያቸው ይረዝማል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር፣ ፍራፍሬና አበባ አንድ ላይ አቀናብረን ስንሥል የበሰለው ፍሬ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ስለሚለቅ አበባውን ያስረጀዋል፤ ስለዚህ ሥራ ስናቆም ለየብቻቸው ማስቀመጥ ይሻላል።

እንቅስቃሴውን ግን ሙሉ በሙሉ ልናስቆመው አንችልም። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም አገዳው ያድጋል፣ ወደ ብርሃን ይጎብጣል፣ ክፍሉ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ቱሊፕ የሚሥል ሰው የክፍሉን ሙቀት እንደ ብርሃኑ ሁሉ ሊቆጣጠረው ይገባል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ ሊያመልጠን የሚችለውን እንያዝ። እኔ ከንድፉ በፊት የቀለም ናሙናዎችን በቁራጭ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ፤ የብርሃኑ ክፍል፣ የጥላው ክፍል፣ ብርሃን ከኋላው የሚያልፍበት ክፍል እያልሁ ለየብቻ። ቅርጹን በሌላ እኩያ አበባ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል፣ የዚያን ሰዓት ቀለም ግን በሌላ ቀን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አረንጓዴ ቅጠልና አገዳ ስለሚታገሡን በመጨረሻ ይሠራሉ። ቪንሰንት ቫን ጎግ በነሐሴ 1888 በፈረንሳይ ከተማ በአርል የሱፍ አበቦቹን ሲሥል አበቦቹ ቶሎ ስለሚጠወልጉ በየማለዳው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ እንደሚሠራና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ መጨረስ እንዳለበት ለወንድሙ ጽፏል። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ የምናየው የብሩሹ ጥድፊያ ከጠባዩ ብቻ የመጣ ሳይሆን አበባው የሰጠው ጊዜ አጭር ስለነበረም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ተክሉ ላይ እንዳለ ለመሣል ከፈለጉ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ብቻ ይሥሩ፤ ብርሃኑ ሲያልፍ ያቁሙ። ጥላውን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀጭኑ ወስነው ከዚያ በኋላ ጥላው ቢንቀሳቀስም አይከተሉት።

ሐረግ፦

ነጭ ሸራ የሰጡትን መልስ ደጋግሜ አነበብሁት። ሩይሽን በተመለከተ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የጠቀሱት ዘመን እኔንም ይደግፈኛል። ኔዘርላንዳዊው የአበባ ሠዓሊ ያን ቫን ሃይሱም በ1742 በጻፈው ደብዳቤ አንድ ሥዕል ያልተጠናቀቀለት ቢጫ ጽጌረዳ ስላላገኘ መሆኑን ገልጿል። ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ (ናሽናል ጋለሪ) ያለው አንድ የአበባ ሥዕሉም 1736 እና 1737 የሚሉ ሁለት ዓመታት ተጽፈውበታል። እንግዲህ እቅፉ ምናባዊ ቢሆንም እያንዳንዱ አበባ ተራውን ጠብቆ በሠዓሊው ፊት የቆመ ነበር ማለት ነው። ከጥናት ወረቀት ወይም ከትዝታ ቢጫ ጽጌረዳ ለመሥራት ችሎታ አንሶት አይደለም፤ ሕያው አበባ ትዝታ የማይሰጠውን ነገር እንደሚሰጥ ስላወቀ እንጂ። ወቅትን መጠበቅ ከማቀናበር ጋር እንደማይጋጭ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ተመልካች ሆኖ የመቅረት ስጋትዎን ግን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። በየዓመቱ ያው አይሪስ ያው ቦታ ላይ ሲፈካ ያንኑ ሥዕል መድገም ቀላል ነው። እኔ የማደርገው ያለፈውን ዓመት ገጽ ከመሣሌ በፊት አውጥቼ በማየት፣ ያን ጊዜ ያላየሁትን አንድ ነገር ለይቶ ለዚያ ብቻ መሥራት ነው። አንድ ዓመት ወደ ታች በተንጠለጠሉት የአበባ ቅጠሎቹ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋው የመስመሮች መረብ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ጊዜ በአበቦቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ።

ጥቁር ወረቀት፦

ወቅቱን በብሩሽ ብቻ ለምን እንያዘው? በ1700 የተወለደችው እንግሊዛዊት ሜሪ ዲሌኒ በ72 ዓመቷ ባለቀለም ወረቀት እየቆረጠች፣ በጥቁር ዳራ ላይ እየለጠፈች የአበቦችን ምስል መሥራት ጀምራ፣ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ በነበሩት ዐሥር ዓመታት ገደማ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሠራች። ሥራዎቹ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። የምትቆርጠው እውነተኛውን ተክል ፊቷ አስቀምጣ ነበር። እኔም በወረቀት ስለምሠራ የምመሰክረው፣ መቀስ ሠዓሊን ውሳኔ ያስተምረዋል። በብሩሽ የአበባውን ጠርዝ ማድበስበስ ይቻላል፣ በመቀስ ግን ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ግድ ነው፤ ለዚህም የአበባውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ያስፈልጋል። በተገዛ ውድ አበባ ላይ ይህን ለማድረግ እጅ ይሳሳል፤ ጓሮ ያለው ሰው ግን ነገም ይፈካልኛል ብሎ በነጻነት ይበትነዋል።

ለጋ ቅጠል፦

የማለዳ ብርሃንን ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ፦ ደማቁን ሮዝና ሐምራዊ በምንም ቅልቅል ላገኘው አልቻልሁም። ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይሞትብኛል። ከአበባው ራሱ ቀለም ጨምቆ መጠቀምስ ይቻላል?

ብሩሽና ዶማ፦

መጀመሪያ የመጨረሻውን ልመልስ። መጭመቅ ይቻላል፣ ለዘላቂ ሥራ ግን አይሆንም። ቀዩን፣ ሐምራዊውንና ሰማያዊውን በብዙ አበቦች ላይ የሚሰጠው አንቶሲያኒን የተባለው ንጥረ ነገር በብርሃን ይደበዝዛል፤ አሲድ ሲነካው ይቀላል፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ይኸው ባሕርይ በጓሮ ውስጥ በዓይን የሚታይበት አጋጣሚም አለ፤ ሰማያዊው የንጋት ክብር (ሞርኒንግ ግሎሪ) አበባ በእምቡጡ ወደ ሐምራዊ ቀይ ያደላና ሲፈካ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው አሲድነት ስለሚቀንስ ሰማያዊ ይሆናል። የወፍ ቆሎ ደግሞ በአንዱ ጉንጉን ላይ መካከሉ ቢጫ፣ ዳሩ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ የሚታየው ዕድሜው የገፋው አበባ ቀለሙን ስለሚለውጥ ነው። ይህን ያወቀ ሠዓሊ የቀለሙን ሽግግር ለጌጥ ብሎ አያስቀምጠውም፤ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ብሩሹም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

የሞተው ሮዝ ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአበባ ቅጠል ብርሃን ዘልቆ የሚያልፍበት፣ ላዩም በጥቃቅን ጉብታዎች የተሸፈነ አካል ስለሆነ ቀለሙ ከውስጥ የሚበራ ይመስላል፤ ወረቀት ግን ከራሱ ነጭነት በላይ ሊበራ አይችልም። ስለዚህ ሮዙን ለማድመቅ ከመታገል ይልቅ በዙሪያው ያለውን አረንጓዴ ጥቂት ቀይ ነክተው ያደብዝዙት፤ አበባው በራሱ ይነሣል። ሁለተኛ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀላቅለው ከሆነ የሚሠሩት፣ ቢጫ ያዘለ ቀይ ሐምራዊውን ያጨልመዋል። ከቱቦው ጀርባ የፒግመንቱን (ቀለሙን የሚሰጠውን ዱቄት) መለያ ይመልከቱና ፒቪ 19 የሚለውን የኩዊናክሪዶን ሮዝ ይያዙ፤ ንጹሕና ብርሃንን የሚቋቋም ነው። እጅግ የሚያበሩት ፍሎረሰንት ሮዞች ዓይን ይስባሉ፣ ግን ይደበዝዛሉ። የቫን ጎግ ክሮም ቢጫ እንኳ በብርሃን ምክንያት በከፊል እየጠቆረ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የሚጠራጠሩትን ቀለም በወረቀት ላይ ቀብተው፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነው፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለጥቂት ወራት ማቆየት ከማንኛውም የፋብሪካ ማስታወቂያ ይበልጣል።

የማለዳ ብርሃን፦

በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቀይ አበባን ምሽት ላይ አይመዝኑ። ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ለቀይ ያለው ንቃት ከሰማያዊው ቀድሞ ስለሚወርድ፣ ቀዩ ወደ ጥቁር ሲጠጋ ቅጠሉና ሰማያዊው አበባ ይበልጥ የበሩ ይመስላሉ፤ ይህን በ19ኛው መቶ ዘመን ያስተዋለው የቼኩ ሳይንቲስት ፑርኪንየ ነው። የምሽት ጓሮ ለመሣል ለሚፈልግ ግን ይኸው እንግዳ ሚዛን ራሱ ርእስ ይሆናል። የቀይ አበባን ትክክለኛ ቀለም ከፎቶግራፍም አይጠብቁ፤ ካሜራ በደማቅ ቀይ አበባ ላይ የቅጠሎቹን እጥፋት ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ቀለም ያደርገዋል።

ሐረግ፦

አበባ ስለማይኖርበት ወቅት ያነሣሁትን ጥያቄ ማንም በቀጥታ ስላልመለሰው የራሴን ልበል። እኔ ለዚያ ጊዜ የምዘጋጀው በአበባው ጊዜ ነው። ሳይቆረጡ የተተዉት ግንዶች ሲደርቁ የተክሉ አጥንት ይገለጣል። የሱፍ አበባ ፍሬ የተደረደረበትን ጠመዝማዛ መስመር በአንዱ አቅጣጫና በሌላው ብትቆጥሩት ብዙ ጊዜ እንደ 34 እና 55 ያሉ ተከታታይ የፊቦናቺ ቁጥሮችን (እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበትን የቁጥር ተርታ) ታገኛላችሁ፤ ይህን ሥርዓት በደረቀው ራስ ላይ በቀለም እርሳስ ሳይሆን በተራ እርሳስ ስሠራ፣ አበባው ሲፈካ የት የት መታጠፍ እንዳለበት እጄ ቀድሞ ያውቃል። ነፍሳቱም አሉ። ጀርመናዊቷ ሠዓሊና የነፍሳት ተመራማሪ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ1679 ባሳተመችው የመጀመሪያው የአባ ጨጓሬ መጽሐፏ ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ ያለውን ለውጥ ከሚመገቡት ተክል ጋር በአንድ ገጽ ላይ አስፍራለች። አበባውን ለብቻው ስንሥል የምንቆርጠው ከአገዳው ብቻ አይደለም፤ ከሚበላው፣ ከሚጎበኘውና ከሚያበላሸውም ጭምር ነው። ስለዚህ የተበሳው ቅጠል በሥዕሌ ላይ ከነቀዳዳው ይገባል።

ነጭ ሸራ፦

የቫን ሃይሱም ነገር አሳምኖኛል፤ ሕያው አበባ በጥናት ወረቀት እንደማይተካ እቀበላለሁ። የጸናሁበት ነጥብ አንድ ነው፤ ጓሮው የመጨረሻውን ሥዕል ሊወስንልን አይገባም። ሐረግ ያለፈውን ዓመት ገጽ አውጥተው የሚያዩበት ልማድ ግን ሁለታችንንም የሚያስታርቅ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በየገጹ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና አየሩ ከተጻፈ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእጃችን የሚገኘው ልክ የኔዘርላንዶቹ ዓይነት የጥናት ክምችት ነው። ያኔ ቱሊፑንና ጽጌረዳውን በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ ማገናኘት የእኛ ፈንታ ይሆናል።

ለጋ ቅጠል፦

ነገ ማለዳ የፖፒውን ዘር ከፋፍዬ እዘራለሁ። በየገጹ ላይ ከቀንና ከሰዓት ሌላ አበባው በስንተኛው ቀኑ ላይ እንዳለ መጻፍ ይጠቅማል?

ሐረግ፦

እጅግ ይጠቅማል። እምቡጡ የተከፈተበትን ቀን በአገዳው ላይ ክር አስረው ምልክት ያድርጉበት፤ ያለዚያ ከጎኑ ካሉት እኩዮቹ ጋር ይደባለቅብዎታል።